ነገርን ከሥሩ፦ የአንዲት ትንሽ መኪና ሞተርና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ብልሽት ምርመራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎች በሚነገርበት በዚህ መድረክ ላይ በሬዲዮ ስለምትታዘዝ መጫወቻ መኪና ለመናገር መነሣት ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ቀልድ ሊታይ ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህች መኪና ርዝመቷ ከአንድ ክንድ ባይበልጥም በውስጧ የያዘችው ነገር ቀላል አይደለም። ኃይል የሚያከማች ባትሪ አላት፤ ኃይሉን እየመጠነ የሚለቅ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አላት፤ የኤሌክትሪክን ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጥ ሞተር አላት፤ እንቅስቃሴውን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርስ ማርሽ አላት፤ ከነጂው እጅ የሚመጣውን ትእዛዝ የሚቀበል ሬዲዮም አላት። እነዚህ አምስት ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ቀለበቶች የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲታመም ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በሌላው ላይ ነው።

የንግግሬም ፍሬ ነገር ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ብልሽት የሚታይበት ቦታና ብልሽት የሚወለድበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ጭስ አውጥቶ ሲቃጠል ዓይናችን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው፤ እጃችንም የሚፈጥነው እርሱን ነቅሎ ሌላ ለመትከል ነው። የገደለውን ሳናውቅ የሞተውን ብንተካ ግን ተተኪውም የቀዳሚውን መንገድ ይከተላል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ የተናገሩት ለሸንጎ ክርክር ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያ ጠረጴዛ ፊት ለሚቆም ሰውም ይሠራል።

1. ሞተሩና የሚስበው ጅረት

በጀማሪዎች መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሞተር በመለያ ቁጥሩ 540 እየተባለ የሚጠራው፣ በ7.2 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚሠራው ባለ ብሩሽ ሞተር ነው። ክብ የብረት ልባሱ ሲከፈት በግድግዳው ላይ የተጣበቁ ሁለት ቋሚ ማግኔቶች ይታያሉ። በመካከላቸው የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ባለ ሦስት ጥርስ ብረት ከዘንጉ ጋር ይዞራል። በዘንጉ አንድ ጫፍ ኮሙቴተር የተባለው፣ ሦስት የመዳብ ቅጠሎች ያሉት ክፍል አለ፤ ሁለት የካርቦን ብሩሾችም በእርሱ ላይ እየተንሸራተቱ ኤሌክትሪክ ያቀብሉታል።

የዚህ ሞተር ሽቦ ለጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከ0.1 ኦም ብዙ አይርቅም። በኦም ሕግ መሠረት 7.2 ቮልት ለ0.1 ኦም ሲካፈል 72 አምፔር ይሆናል። ዘንጉ ታስሮ መዞር ሲያቅተው ሞተሩ የሚስበው ጅረት በእርግጥም ወደዚህ መጠን ይጠጋል። ታዲያ ያው ሞተር ያለ ጭነት ሲሽከረከር ከ2 እስከ 3 አምፔር ብቻ የሚስበው ስለምንድን ነው?

መልሱ፣ ማንኛውም የሚዞር ሞተር በዚያው ጊዜ ጄነሬተርም መሆኑ ነው። ሽቦው በማግኔቶቹ መካከል ሲሽከረከር የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ይህም ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ፊት ለፊት የሚጋጠም ነው። ተቃራኒ ቮልቴጅ እንበለው። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ስለሆነም በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ጅረት የሚወስነው በባትሪው ቮልቴጅና በተቃራኒው ቮልቴጅ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። መኪናይቱ በደኅና ስትሮጥ ተቃራኒው ቮልቴጅ 6.0 ነው እንበል። ልዩነቱ 1.2 ቮልት ነው፤ ለ0.1 ኦም ስናካፍለው ጅረቱ 12 አምፔር ይሆናል። አሁን ደግሞ አንድ የማይታይ እንቅፋት ሞተሩን በአንድ አምስተኛ ብቻ አዘገየው እንበል። ተቃራኒው ቮልቴጅ ወደ 4.8 ይወርዳል፤ ልዩነቱ 2.4 ቮልት፣ ጅረቱም 24 አምፔር ይሆናል። ሙቀት በጅረቱ ካሬ ልክ የሚያድግ ስለሆነ በሽቦው ውስጥ የሚባክነው ኃይል ከ14.4 ዋት ተነሥቶ 57.6 ዋት ይደርሳል። ስሌቱ የባትሪውንና የመገናኛዎቹን ተቃውሞ ወደ ጎን የተወ ቢሆንም የነገሩን ጠባይ በትክክል ያሳያል፦ ፍጥነት በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ጅረት በእጥፍ፣ ሙቀት በአራት እጥፍ ያድጋል። «ትንሽ ዘግየት ትላለች እንጂ ደኅና ናት» የምንላት መኪና፣ እንግዲህ፣ ደኅና አይደለችም።

2. የፍጥነት መቆጣጠሪያው

በቀድሞው ዘመን የነበሩት መኪናዎች የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ አልነበራቸውም። ለምሳሌ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1984 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረባቸው «ግራስሆፐር» እና «ሆርኔት» ፍጥነታቸው የሚመጠነው በመካኒካዊ መንገድ ነበር። አንድ ሰርቮ የመዳብ ክንድ ያንሸራትታል፤ ክንዱ በሚያርፍበት ቦታ መጠን ጅረቱ በሬዚስተር በኩል ወይም በቀጥታ ወደ ሞተሩ ያልፋል። ትርፉ ኃይል በሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክን ነበር። አሠራሩ አባካኝ ቢሆንም አንድ መልካም ጠባይ ነበረው፤ ይኸውም ብልሽቱ በዓይን መታየቱ ነው። የጠቆረ መዳብ፣ የላላ ክንድ፣ የተቃጠለ ሬዚስተር ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም ነበር።

የዛሬው መቆጣጠሪያ ሥራውን የሚያከናውነው ሞስፌት በተባሉ ትራንዚስተሮች ነው። እነዚህም ጅረቱን በየሴኮንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ሲረዝም መኪናይቱ ትፈጥናለች፤ ሲያጥር ትዘገያለች። መሣሪያው ትእዛዙን የሚቀበለው ከሬዲዮ መቀበያው በሚመጣ አጭር ምት ነው፤ የምቱ ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሴኮንድ ሲሆን 1.5 ሚሊ ሴኮንድ «ቁም» ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ለመቀበያውና ለመሪው ሰርቮ 5 ወይም 6 ቮልት የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው መሣሪያ ነው።

ሞስፌት ክፍት ሲሆን የሚያሳየው ተቃውሞ ከጥቂት ሺኛ ኦም የማይበልጥ በመሆኑ በደኅናው ጊዜ ብዙም አይሞቅም። ነገር ግን የእርሱም ሙቀት በጅረቱ ካሬ ልክ የሚያድግ ነው። ብዙ ሰዎች «በዝግታ ከነዳናት መቆጣጠሪያው አይጎዳም» ይላሉ። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ተቃራኒው ቮልቴጅ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምት ብዙ ጅረት ይገፋል። ሞስፌቱ በተዘጋ ጊዜ እንኳ ጅረቱ በሞተሩና በመቆጣጠሪያው መካከል መዞሩን አያቋርጥም። እንቅፋት ያለባትን መኪና በዝግታ መንዳት፣ እንግዲህ፣ መድኃኒት ሳይሆን ሕመሙን ማስታመም ነው።

3. የምርመራው ቅደም ተከተል

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ደኅንነት አንድ ቃል ልበል። መኪናይቱ ጎማዎቿ መሬት እንዳይነኩ በእንጨት ላይ ትቀመጥ። ቀለበትና የብረት ሰዓት ከእጅ ይውለቁ። ያበጠ የሊትየም ባትሪ ካለ ምርመራው በዚያው ያብቃ፤ እንዲህ ያለው ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አይሞላም፣ አይሠራበትምም። ይህ ከተሟላ ዘንድ የሚከተለውን ተራ እንያዝ።

አንደኛው እርምጃ ባትሪውን ሳያገናኙ በእጅ፣ በዓይንና በአፍንጫ መመርመር ነው። ጎማዎቹ በጣት ሲዞሩ ይቀላሉ ወይስ ይከብዳሉ? ሣር ወይም ፀጉር በዘንግ ላይ ተጠምጥሟል? የሞተሩ ትንሽ ማርሽ ከትልቁ ማርሽ ጋር እጅግ ተጠጋግቷል? በሁለቱ መካከል ቀጭን ወረቀት ገብቶ ሳይቀደድ የሚያልፍ ከሆነ ርቀቱ ደኅና ነው። የነጣ ማገናኛ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኗል? ሽቦው ከብየዳው ሥር ተሰነጣጥቋል? ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሁለተኛው እርምጃ ሰንሰለቱን ከመካከሉ መክፈል ነው። ሞተሩ ጨርሶ ዝም ካለ ጥፋቱ በትእዛዝ በኩል ነው ወይስ በኃይል በኩል? ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመሪው ሰርቮ ከራሱ ቦታ ተነቅሎ በመቀበያው ላይ የፍጥነቱ ትእዛዝ በሚወጣበት ቦታ ይሰካ። በዚህ ጊዜ የመቆጣጠሪያው ገመድ ወደ መሪው ቦታ ይዛወር፤ ኃይሉ ለመቀበያው የሚደርሰው በእርሱ በኩል ነውና። የፍጥነት መያዣው ሲነካ ሰርቮው ከተንቀሳቀሰ ማስተላለፊያውና መቀበያው ጤነኛ ናቸው፤ የሰንሰለቱ ግማሽ ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ። ሰርቮው ዝም ካለ ደግሞ ሞተሩን መክፈት ከንቱ ድካም ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ባትሪውንና ማገናኛዎቹን መመርመር ነው። ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲለካ ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ እውነቱን የሚናገረው በጭነት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ሞተሩ እየሠራ ይለካ፤ በመጀመሪያ በባትሪው ጫፍ፣ ቀጥሎ በመቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ። የሁለቱ ልዩነት በመካከል ያለው ማገናኛ የበላው ነው። አንድ ያረጀ ማገናኛ 0.05 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው 20 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ይበላል፤ 20 ዋትም ሙቀት ይሆናል። ይህ በአንድ ትንሽ የብየዳ ብረት ላይ የሚገኘውን ሙቀት ያህላል። የፕላስቲክ ማገናኛ ለምን እንደሚቀልጥ ከዚህ ይታወቃል።

በዚሁ እርምጃ የባትሪው ዓይነትና የመቆጣጠሪያው ቅንብር መስማማታቸው ይረጋገጥ። ባለ ሁለት ክፍል የሊትየም ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ከ3 ቮልት በታች እንዳይወርድ ሊጠበቅ ይገባዋል። መቆጣጠሪያው ለሊትየም ተቀምጦ የኒኬል ባትሪ ቢገጠምለት ባትሪው ሳያልቅ ሞተሩን ያቋርጠዋል፤ ባለቤቱም «ተበላሸ» ይላል። ተቃራኒው ቢሆን የሊትየሙ ባትሪ ከልክ በላይ ተሟጦ ይጎዳል።

አራተኛው እርምጃ ሞተሩን ለብቻው መመርመር ነው። እዚህ ላይ በየመኪና ዕቃ መሸጫው የሚገኝ፣ 12 ቮልትና 55 ዋት የሆነ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል። ሞተሩ ከመኪናዋ ሽቦ ተለያይቶ፣ ትንሹ ማርሽም ከትልቁ ተላቆ፣ በአምፖሉ በኩል ከባትሪው ጋር ይገናኝ። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ይሽከረከራል፤ አምፖሉም ፈዘዝ ብሎ ይቀራል። ሞተሩ ከታሰረ ወይም በውስጡ ሽቦ ከሽቦ ከተገናኘ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ ሆኖም ጅረቱ ከ4 አምፔር በታች ስለሚወሰን የሚቃጠል ነገር የለም።

የሽቦውን ተቃውሞ በተራ መልቲሜትር የኦም መለኪያ ለማወቅ መሞከር ያሳስታል፤ የመለኪያው ገመዶች ራሳቸው ከሞተሩ የሚበልጥ ተቃውሞ ሊኖራቸው ይችላልና። የተሻለው መንገድ ዘንጉን በፒንሳ ለጥቂት ሴኮንድ ይዞ፣ በአምፖሉ በኩል የሚያልፈውን ጅረትና በሞተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ መለካት ነው። 3 አምፔር ሲያልፍ 0.3 ቮልት ከተገኘ ተቃውሞው 0.1 ኦም ነው። ዘንጉን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ በልዩ ልዩ ቦታዎች መድገም ይገባል። ውጤቶቹ የሚቀራረቡ ከሆነ ደኅና ነው፤ በአንዱ ቦታ ላይ እጅግ የሚለይ ከሆነ የተበጠሰ ጥምጥም፣ ያለቀ ብሩሽ ወይም የቆሸሸ ኮሙቴተር አለ። አንዳንዴ በጣት ሲገፋ ብቻ የሚነሣው ሞተር ሕመሙ ይኸው ነው። በኮሙቴተሩ ቅጠሎች መካከል የተጠራቀመው የካርቦን ብናኝም ጅረትን በአቋራጭ ስለሚያሳልፍ በጥንቃቄ ሊጠረግ ይገባል።

አምስተኛው እርምጃ ሞተሩን ከማርሹ ጋር አገናኝቶ፣ ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሡ፣ ጅረቱን እንደገና መለካት ነው። ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት የሚስበው ብዙ አሥር አምፔር የመለኪያውን ፊውዝ ስለሚያቃጥል፣ በሚነሣበት ጊዜ የመለኪያው ሁለት ጫፎች በወፍራም ሽቦ ይገናኙ፤ ፍጥነቱ ሲረጋ ሽቦው ይነሣ። ሞተሩ ለብቻው በሳበውና ከማርሹ ጋር በሳበው መካከል ያለው ልዩነት የማርሹና የዘንጎቹ ዕዳ ነው።

ወደ መቆጣጠሪያው የምንደርሰው በስድስተኛው እርምጃ ነው። ባለ ብሩሽ ሞተር የሚያሽከረክር ከሆነ ሞተሩ ተነቅሎ በምትኩ ያው አምፖል ይገናኝ። የፍጥነት መያዣው ቀስ እያለ ሲገፋ አምፖሉም ቀስ እያለ ከደመቀ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ባትሪው እንደተገናኘ ያለ ትእዛዝ የሚበራ ከሆነ ሞስፌቱ ተቃጥሎ ክፍት እንደሆነ ቀርቷል። ምልክቶቹንም መለየት ያስፈልጋል። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚቆምና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ መሣሪያ ከሙቀት ራሱን እየጠበቀ ነው፤ «ብዙ ጅረት እየተሳበብኝ ነው» ማለቱ ነው። መሪው ሲታጠፍ ሁሉ ነገር የሚጠፋ ከሆነ ሰርቮው ታስሮ የመቀበያውን ቮልቴጅ እያወረደ ይሆናል። ሞተሩ ሲዞር ብቻ መኪናይቱ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ በሞተሩ ጀርባ ላይ የተበየዱት ትንንሽ ካፓሲተሮች መኖራቸው ይታይ፤ የብሩሾቹ ብልጭታ ሬዲዮውን እንዳይረብሽ የሚከላከሉት እነርሱ ናቸው።

4. ብሩሽ ስለሌላቸው ሞተሮች

በአሁኑ ጊዜ ብሩሽ የሌላቸው፣ በሦስት ሽቦ የሚሠሩ ሞተሮች ተስፋፍተዋል። እነዚህ ኮሙቴተር የላቸውም፤ ጅረቱን በየተራ ወደ ሦስቱ ጥምጥሞች የሚያዛውረው መቆጣጠሪያው ነው። ለዚህም በመሠረቱ ስድስት የሞስፌት በሮች ያስፈልጉታል። ሴንሰር በሌላቸው ሞተሮች ላይ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማለዋወጥ የሞተሩን አዟዟር ወደ ኋላ ይለውጣል እንጂ ጉዳት የለውም።

ለእነዚህ ሞተሮች መለኪያ የማይጠይቅ አንድ መልካም ፈተና አለ። ትንሹ ማርሽ ከትልቁ ተላቆ፣ ሦስቱም ሽቦዎች ተነቅለው ዘንጉ በጣት ይዙር። ከማግኔቱ እርከን እርከን በቀር በቀላሉ መዞር አለበት። ያለ አንዳች ግንኙነት የሚከብድ ከሆነ ጥፋቱ በሞተሩ ጥምጥም ወይም በኩሽኔታው ነው። ቀጥሎ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለት ሁለቱ በየተራ እርስ በርስ ይነካኩ፤ በሦስቱም ጊዜ ዘንጉ እኩል ሊከብድ ይገባል። በአንዱ ጊዜ ካልከበደ በዚያ በኩል የተበጠሰ ሽቦ አለ። በመጨረሻም ሞተሩ ባትሪ ካልተገናኘለት መቆጣጠሪያ ጋር ይያያዝና ይዙር። ለብቻው ሲዞር የቀለለው ሞተር አሁን የሚከብድ ከሆነ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ሞስፌት ተቃጥሏል። ሲነሣ የሚንተባተብ ሞተርም ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ የላላበት ስለሆነ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በማገናኛው ላይ ይሁን።

5. ሦስት መቆጣጠሪያ የበላች መኪና

እስከ አሁን የተናገርሁት በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በእረፍት ቀናት ወጣቶችን በምረዳበት አንድ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ሁለት በአሠራራቸው አንድ የሆኑ ባለ ብሩሽ መኪናዎች ነበሩ። አንደኛዋ በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት የፍጥነት መቆጣጠሪያ አቃጠለች። እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ የተገዛው ከልጆቹ በተዋጣ ገንዘብ ሲሆን ከውጭ አገር እስኪመጣ ሳምንታት ይጠበቅ ነበር። ሦስተኛው ሲቃጠል ልጆቹ ሁለት ነገር አምነው ነበር፤ ዕቃው የማይረባ መሆኑንና ይህ ሥራ ለእነርሱ አቅም ያልተፈቀደ መሆኑን። ከሁለቱ የኋለኛው ይበልጥ ያሳዝናል።

መፍትሔው የተገኘው ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ነው። ይህች ልጅ በየጊዜው የሁለቱን መኪናዎች ሩጫ በሰዓት እየለካች ትጽፍ ነበር። ከመንደርደሪያ በኋላ 40 ሜትሩን ጤነኛዋ መኪና በ8 ሴኮንድ ስትጨርስ፣ ሌላይቱ 10 ሴኮንድ ይፈጅባት ነበር። ልዩነቱም የታየው የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ከመቃጠሉ በፊት ነው። 40 ሜትር በ8 ሴኮንድ ማለት በሴኮንድ 5 ሜትር ነው፤ በ10 ሴኮንድ ማለት ደግሞ 4 ሜትር ነው። ልክ አንድ አምስተኛ! ቀደም ሲል በስሌት ያየነው እጥፍ ጅረትና አራት እጥፍ ሙቀት በደብተሩ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ሲጠብቀን ኖሯል።

ከዚህ በኋላ የቀረው መለካት ብቻ ነበር። ትንሹ ማርሽ ሲላቀቅ ሁለቱም ሞተሮች 2.2 አምፔር ሳቡ፤ ስለዚህ የታማችው መኪና ሞተር ንጹሕ ነው። ማርሹ ተገናኝቶ ጎማዎቹ ከመሬት ሲነሡ ጤነኛዋ 3.5 አምፔር፣ ታማሚዋ 8 አምፔር ሳቡ። ጥፋቱ በማርሽ ሣጥኑ ውስጥ መሆኑ ተረጋገጠ። ሣጥኑ ሲከፈት መካከለኛውን ዘንግ የሚይዘው የፕላስቲክ ቦኮላ በሜዳው ደቃቅ አቧራ ተሞልቶ፣ በሙቀትም ለስልሶ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር፣ ውጩ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙ የማይበልጥ ዕቃ ነው። በምትኩ አቧራ መከላከያ ያለው ተመሳሳይ መጠን ያለው ኩሽኔታ ተገባ፤ ጅረቱም ወደ 3.4 አምፔር ወረደ። ከዚያ ወዲህ የተተከለው አራተኛው መቆጣጠሪያ ዛሬም ይሠራል። ዋጋው ከአንድ መቆጣጠሪያ ዋጋ ጋር የማይወዳደር ትንሽ ዕቃ ሦስት መቆጣጠሪያዎችን ገድሎ ነበር ማለት ነው፤ ሦስቱም ሲሞቱ ግን ማንም ወደ እርሱ አልተመለከተም።

6. ከመጫወቻ ወደ ኑሮ

«ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ሰዓታት ከምንፈጅ ዕቃውን ለውጠን ብንገላገል ምናለበት?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የሠራተኛ ሰዓት ውድ፣ ዕቃ ደግሞ ርካሽና ቅርብ በሆነበት አገር ይህ አባባል ምክንያት አለው። በእኛ ዘንድ ግን ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣና ሳምንታት የሚያስጠብቅ ነው። ከዚህም በላይ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ለውጥ በየትም አገር ርካሽ አይደለም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ይህን ስል ዕቃ መለወጥን መንቀፌ አይደለም። የተቃጠለ ሞስፌት አይፈወስም፤ መተካት አለበት። የምለው፣ ለውጡ የምርመራው መጨረሻ ይሁን እንጂ መጀመሪያ አይሁን ነው።

ይህ ጉዳይ በዛሬው ጊዜ ከመጫወቻ አልፎ ሄዷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተሞቻችን መንገድ ላይ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። በውስጡም ያው ሰንሰለት ይገኛል፤ ባትሪ፣ በትራንዚስተሮች የሚሠራ መቆጣጠሪያ፣ ሞተር፣ ማርሽ። አቧራችንና ዳገታችንም ያው ነው። ልዩነቱ በመጠን ላይ ነው፤ የዚያኛው ባትሪ ብዙ መቶ ቮልት ስለሚይዝ ይገድላል። ስለሆነም ዛሬ የነገርኋችሁን የእጅ ፈተና ያለ ልዩ ሥልጠናና ያለ መከላከያ በዚያ ላይ ለመሞከር የሚያስብ ካለ፣ እባክዎ ይተውት እላለሁ። እጅ የማይደፍረውን ግን አእምሮ በትንሹ መለማመድ ይችላል። በ7.2 ቮልት ላይ «ይህ ጅረት ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ወጣት፣ ነገ በታላቁ መኪና ፊት ሲቆም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ዕቃ መቀያየርን ብቻ የለመደ ግን በዚያም ይቀያይራል፤ የሚቀያይረው ግን በብዙ መቶ ሺህ ብር የሚገመት ይሆናል።

በመጨረሻም ለወጣቶቹ አንድ ምክር ልተው። መኪናችሁን ስትታመም ብቻ አትለኳት፤ ጤነኛ ሳለች ለኳት። ያለ ጭነት ስንት አምፔር ትስባለች? ጎማዎቿ ከመሬት ሲነሡስ? የተወሰነውን ርቀት በስንት ሴኮንድ ትጨርሳለች? ሞተሯ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በእጅ ሲነካ ምን ያህል ይሞቃል? ይህን በደብተር ጻፉና ከመሣሪያ ሣጥናችሁ ጋር አኑሩት። የጤና ልኩ ያልታወቀ ነገር የሕመሙ መጠን ሊታወቅ አይችልም። ከካቻቢቴና ከመልቲሜትር ቀጥሎ የመሐንዲስ ዋና መሣሪያ እርሳስ መሆኑን ያቺ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አስቀድማ አሳይታናለች።